ስንዴ ካቆምን በኋላ ስኳሩ ለምን አልረጋ አለ?

ልጄ ያን ቀን እራቷን ጥግብ ብላ በልታለች፣ ፓስታውን በሚዛን መዝኜ ነው የሰጠኋት፣ ኢንሱሊኗንም በልኩ ወግቻታለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክንዷ ላይ ያለው ስኳር የሚለካው ሴንሰር ጮኸ፣ ስኳሯ ወርዶ 54 ገብቷል። ጁስ ሰጠኋት ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ወረደ፣ እንደገና ጁስ። ከዛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነሳ ደሞ 310 ገብቷል። ቆጥሬ መዝኜ የሰጠሁት ምግብ እስካሁን የት ቆይቶ ነው አሁን የመጣው እያልኩ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ነገሩ ያለው አንጀቷ ውስጥ ነበር፣ እኛ ግን ያወቅነው ከብዙ ወር በኋላ ነው።

ይሄን የምጽፈው ታይፕ 1 ስኳር ላለባችሁ ወይም ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ላለባችሁ፣ በዛ ላይ ደሞ "ሴሊያክ አለ፣ ግሉተን ይቁም" ለተባላችሁ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ስኳር ሲገኝባት ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ሴሊያኩ ሲገኝ ደሞ አስር። ሐኪም አይደለሁም፣ የኢንሱሊን መጠን ከኔ ጽሑፍ ላይ እንዳትወስዱ አደራ፣ እሱን ከሐኪማችሁ ጋር ነው የምትነጋገሩት። ግን ስኳሩ እንደዛ የሚሆንበትን ምክንያት በራሳችን ቋንቋ ቁጭ ብሎ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ።

ሴሊያክን ብዙ ሰው አለርጂ ይለዋል፣ አለርጂ አይደለም። ግሉተን ስንዴ፣ ገብስ እና ራይ የሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ሊጡ እንዲሳብ ዳቦው እንዲነፋ የሚያደርገው እሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው እሱን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ይነሳና ትንሹን አንጀት ያጠቃል። የትንሹ አንጀት ውስጡ እንደ አዲስ ፎጣ ነው፣ ጥቃቅን ጸጉር የሚመስል ነገር ሞልቶበታል፣ ምግቡን መጦ ወደ ደም የሚያስገባው እሱ ነው። ጥቃቱ ሲደጋገም ያ ጸጉር ተልጦ ያልቃል፣ ያለቀ ፎጣ ደሞ ውሃ እንደማይጠጣ ታውቃላችሁ። ታይፕ 1 ስኳርም እኮ ዘመዱ ነው፣ እዛ መከላከያው የሚያጠቃው ኢንሱሊን የሚሠራውን የቆሽት ክፍል ነው፣ ሁለቱ በሽታዎች በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት ይጋራሉ። ለዛ ነው ከጠቅላላው ሰው ከ100 አንዱ ገደማ ላይ የሚገኘው ሴሊያክ፣ ታይፕ 1 ካለባቸው ሰዎች ግን ከ100 ከ5 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ የሚታየው። (ታይፕ 2 ያለባቸው ዘመዶቼ "ግሉተን ማቆም ስኳር ያወርዳል አሉ" ብለው ይደውሉልኛል፣ ሴሊያክ ለሌለበት ሰው ግሉተን ማቆም የስኳር መድኃኒት አይደለም፣ እንዲያውም ወደ ታች ስለ ዳቦው በምነግራችሁ ምክንያት ሊያወጣው ይችላል።)

አሁን ወደዛች ሌሊት እንመለስ። ኢንሱሊን አንዴ ከተወጋ ሰዓቱን ጠብቆ ሥራውን ይጀምራል፣ ምግቡ ደረሰ አልደረሰ አይጠይቅም። አንጀቱ የተጎዳ ሰው የበላው ነገር በሰዓቱ ወደ ደም አይገባም፣ ግማሹ ይዘገያል፣ ግማሹ ጭራሽ ሳይገባ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢንሱሊኑ ባዶ ሜዳ ላይ ይሠራና ስኳሩ ይወርዳል፣ በኋላ ደሞ ኢንሱሊኑ ጉልበቱን ሲጨርስ የዘገየው ምግብ ይደርስና ስኳሩ ይወጣል፣ በዛ ላይ መሀል የሰጠነው ጁስ አለ። እናት ደሞ ምን ታስባለች፣ ቆጠራዬ ተሳስቷል ትላለች። እኔ ስንቴ ልጄን "ደብቀሽ ብስኩት በልተሻል?" ብዬ እንደጠየቅኳት አሁን ሳስበው ያመኛል፣ ምንም አልበላችም ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ የስኳር መውረድ፣ በተለይ ምግብ ከተበላ በኋላ የሚመጣ፣ ከዛ ጋር የልጅ ቁመት አለመጨመር፣ አልሞላ ያለ የደም ማነስ፣ የሆድ መንፋት ካለ ሴሊያክ ይመርመር በሉ። ምንም ሆድ ቁርጠት ሳይኖር የሚገኝባቸውም ብዙ ናቸው፣ ለዛ ነው የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ታይፕ 1 ያለባቸው ልጆች ስኳሩ እንደተገኘ፣ ከዛ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ከዛ ደሞ በ5 ዓመት ላይ ምልክት ባይኖርም እንዲመረመሩ የሚመክረው።

ምርመራው ቲቲጂ በሚባል የደም ምርመራ ይጀምራል፣ ከዛ ብዙ ጊዜ በቀጭን ካሜራ ገብተው ከአንጀት ትንሽ ናሙና ይወስዳሉ። አንድ ነገር እባካችሁ፣ ምርመራው ሳያልቅ ስንዴ እንዳታቆሙ። ካቆማችሁ በኋላ ደሙም አንጀቱም እየተሻለው ስለሚሄድ ምርመራው "ምንም የለም" ሊላችሁ ይችላል፣ ከዛ እውነቱን ለማወቅ እንደገና ለሳምንታት ስንዴ ብሉ ትባላላችሁ፣ እሱ ደሞ ስቃይ ነው።

እሺ፣ ተገኘ፣ ግሉተን ቆመ። ሁላችንም አሁን ይረጋጋል ብለን ነበር። ሦስት አራት ሳምንት ሲሆነው ስኳሯ 250፣ 280፣ 300 መሆን ጀመረ፣ ያውም የምትበላው ያው ሆኖ። እኔ ምግቡ ነው ብዬ ምግብ ቀነስኩባት፣ ልጅቷ ራባት፣ ስኳሩ ግን አልወረደም። የገባኝ ዳይቲሺያኗ፣ የምግብ ባለሙያዋ፣ ስታስረዳኝ ነው፦ አንጀቱ እየዳነ ነው፣ ፎጣው ጸጉር እያወጣ ነው፣ ድሮ ሳይገባ ያልፍ የነበረው ምግብ አሁን በሙሉ ይገባል። ድሮ የነበረው የኢንሱሊን መጠን የተሰላው ለተጎዳ አንጀት ነበር፣ ለዳነ አንጀት አይበቃም። ልጄ ድሮ ለ20 ግራም ካርብ (ካርቦሃይድሬት፣ ወደ ስኳር የሚቀየረው የምግቡ ክፍል) 1 ዩኒት ነበር የምትወስደው፣ በስድስት ወር ውስጥ ሐኪሟ ቀስ እያደረገ ለ14 ግራም 1 ዩኒት ላይ አደረሰው። ይሄ የሷ ቁጥር ነው፣ የናንተ ሌላ ነው። ክብደትም ጨመረች፣ ያም ራሱ ተጨማሪ ኢንሱሊን ይፈልጋል። ስለዚህ ያን ሰሞን የሚወጣው ስኳር ልጁ ስላጠፋ ወይም እናንተ ስላልቻላችሁ አይደለም፣ መድኃኒቱ ገና አዲሱ አንጀት ላይ ስላልደረሰ ነው። ይሄን በጊዜው ብሰማ ኖሮ ልጄን ባላስራብኳት። የሚያስቸግረው ግን መዳኑ በአንድ ቀን አለመሆኑ ነው፣ በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ በወራት ነው፣ በአዋቂ ከዓመት፣ ከሁለት ዓመትም በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ በዚህ መሀል አንዱ ሳምንት ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

ሁለተኛው ምክንያት ስንዴውን የተካንበት ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ ከግሉተን ነፃ ተብሎ የሚሸጠው ዳቦ፣ ብስኩት፣ ፓንኬክ በብዛት የሚሠራው ከነጭ ሩዝ ዱቄት፣ ከበቆሎ ስታርች፣ ከድንች ስታርች፣ ከታፒዮካ ነው። ፋይበሩ ትንሽ ነው፣ ፕሮቲኑም እንደዛው፣ ስለዚህ ቶሎ ይፈጭና ስኳሩን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። መጀመሪያ ሰሞን የገዛነው ዳቦ መጠኑ የልጅ መዳፍ አያክልም፣ ግን ሁለቱን ቁራጭ በልታ በ40 ደቂቃ ውስጥ 290 ነበረች። ማሸጊያው ላይ "ከግሉተን ነፃ" የሚለው ጽሑፍ ስለ ስኳር ምንም አይናገርም፣ ገልብጣችሁ ካርቦሃይድሬት የሚለውን መስመር፣ ፋይበር የሚለውን መስመር አንብቡ። ምግቡ እንደዚህ ፈጣን ከሆነ ኢንሱሊኑን ከ15 ደቂቃ በፊት መውሰድ ይረዳ ይሆናል፣ ግን አንጀቱ ገና ያልዳነ ሰው ላይ ይሄው ምክር ስኳሩን ሊጥለው ይችላል፣ ስለዚህ አሁን የትኛው ደረጃ ላይ ነን የሚለውን ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ ሰዓት አትቀይሩ።

እኛ ሐበሾች ደሞ ጤፍ አለን። የስንዴን ጥፋት ለይቶ ያወጣው ዊለም ዲክ የሚባል የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው፣ በፈረንጆቹ 1944 እና 45 ክረምት አገሩ በጦርነት ተርባ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች ተሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስ በሽታውም አብሮ ተመለሰ። ከስልሳ ዓመት በኋላ በ2005 እዛው ኔዘርላንድ ላይደን ያሉ ተመራማሪዎች የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ዓይነት ግሉተን እንደሌለባቸው ጻፉ። እኔ ይሄን ሳነብ እልል ብያለሁ፣ የአያቴ ምግብ ለልጄ ተረፈላት ብዬ።

ግን የምንበላው እንጀራ ጤፍ ብቻ ነው ወይ? እዚህ አሜሪካ ብዙ እንጀራ ላይ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት አለበት፣ ሰልፍ ራይዚንግ የምንለው እሱ ስንዴ ነው። እኛ ለወራት ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ "የጤፍ ነው" ተብለን ነበር፣ ግሉተን ሲቆም መውረድ የነበረበት የልጅቷ ቲቲጂ አልወርድ ሲል ሄጄ ሻጯን ቆም አድርጌ ስጠይቃት "ጤፉ ላይ ትንሽ ገብስ ጣል እናደርጋለን፣ እንዲለሰልስ" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፣ ትንሹ ለኛ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። እዚህ አገር አንድ ምግብ ከግሉተን ነፃ ለመባል ግሉተኑ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት፣ ይሄ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። ስለዚህ ቤት ወደ መጋገር ገባሁ። ስትጋግሩ ደሞ እርሾውን አስቡት፣ ከድብልቅ ሊጥ የመጣ እርሾ ግሉተኑን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጎረቤት ጋ ሄዳችሁ እንዳታመጡ፣ የጤፍ ዱቄትና ውሃ አቡክታችሁ ከዜሮ ጀምሩ። ምጣዱ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ የሊጥ ባልዲው የልጁ ብቻ ይሁን። ሰፌድ በተለይ አይታጠብም፣ አሮጌውን ትቼ አዲስ ገዛሁ።

ከዛ ቆጠራው። እንጀራ ማሸጊያ ላይ ቁጥር ተጽፎ አይመጣም፣ መጠኑም እንደ ጋጋሪዋ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የጤፍ ዱቄት ከ100 ግራሙ ወደ 70 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። 2 ኪሎ አቡክቼ 24 እንጀራ ከወጣልኝ፣ 1400ን ለ24 ሳካፍል አንዱ ወደ 58 ግራም ይመጣል። እርሾው ከዱቄቱ የተወሰነውን ስለሚበላው ትክክለኛው ከዛ ያንሳል፣ ከሱ ደሞ ስኳር የማይሆነው ፋይበሩ አለ፣ ስለዚህ እኛ 50 ብለን ጀመርንና ስኳሯን እያየን አስተካከልነው። ከዛ አንዱን እንጀራ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፣ ግማሽ ስትበላ ስንት ግራም እንደሆነ አሁን በዓይኗም ታውቀዋለች። ጤፍ ግሉተን የለውም ማለት ስኳር አያወጣም ማለት አይደለም፣ ሦስት እንጀራ ሦስት እንጀራ ነው።

ሰው የሚረሳው ሽሮን ነው። ሽሮን እንደ ወጥ እንጂ እንደ ዱቄት አንቆጥረውም፣ ግን የሽንብራና የአተር ዱቄት ነው፣ ካርብ አለው፣ ወፍጮው ላይ ከስንዴ ጋር ተፈጭቶም ሊሆን ይችላል። ሌላው ዘይትና ቅቤ ነው። ዶሮ ወጥ በደንብ ቅቤ የጠጣ ቀን ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ ስኳሩ ወዲያው ሳይሆን ከሦስት ከአራት ሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። የፋሲካ ለት ሌሊት የሚመጣው ስኳር በብዛት የዚህ ነው፣ ልጁ ኬክ ደብቆ በልቶ አይደለም።

በኛ ባህል ግሉተን የተደበቀበት ቦታ ብዙ ነው። ቆሎው ገብስ ነው፣ በሶው ገብስ፣ ገንፎው ብዙ ጊዜ ገብስ፣ ቂንጬው ስንዴ ወይም አጃ (አጃ ራሱ ለብዙዎቹ ችግር የለውም፣ ግን አብሮ ስንዴና ገብስ ስለሚቀላቀልበት ከግሉተን ነፃ የተባለውን ካልሆነ አትስጡ)፣ ጨጨብሳው ስንዴ፣ ጠላና ቢራው ብቅል። ለቡና ቁርስ ፈንዲሻ፣ ለገንፎ ቡላ፣ ከክትፎ ጋር ቆጮ ችግር የላቸውም፣ ስኳሩን ግን ቁጠሩ፣ ቡላ ስታርች ነው። እዚህ አገር የታሸገ ነገር ላይ ስንዴ ካለበት ለአለርጂ ተብሎ ለይተው ይጽፋሉ፣ ገብስን ግን ለይቶ የመጻፍ ግዴታ የለባቸውም፣ ስለዚህ ብቅል ወይም ሞልት የሚለውን ቃል ራሳችሁ ፈልጉ። ልጄ በስህተት ግሉተን የበላች ሰሞን ስኳሯ እንደ ድሮው ይሆናል፣ ትበላለች ይወርዳል፣ ቆይቶ ይወጣል፣ ለጥቂት ቀናት እንደዛ ይቀጥላል። ካስመለሳት ደሞ በጣም እንጠነቀቃለን፣ ምግብ ባይገባም ኢንሱሊን ጭራሽ አይቋረጥም፣ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያጥር ደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ) እንለካለን፣ ሐኪሙ ጋ እንደውላለን።

ሲወርድ ምን ይሰጣል? ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ጁስ ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ለትንንሽ ልጆች ከዚህ ያነሰ፣ ከዛ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት። ቸኮሌትና ዳቦ አይሆንም፣ ይዘገያል። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ነገር ከግሉተን ነፃ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ በዛች ሰዓት ማሸጊያ የሚያነብ ሰው የለም፣ ያለው ስንዴ ያለበት ከረሜላ ብቻ ከሆነ ግን ስጡት፣ ነፍስ ይቀድማል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይደረግም፣ ግሉካጎን (ስኳር የሚያወጣ የድንገተኛ መድኃኒት) ካለ እሱ፣ ከዛ ድንገተኛ ጥሪ።

እኔን የረዳኝ አንድ ርካሽ የተማሪ ደብተር ነው። የበላችው፣ ግራሙ፣ ኢንሱሊኑና ሰዓቱ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ስኳር፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ያለው። እንጀራውንም፣ ኢንሱሊኑንም፣ ሰዓቱንም በአንድ ሳምንት ከቀየርን የቱ እንደሠራ አናውቅም፣ ስለዚህ ለአንድ ሁለት ሳምንት ቁርስ አንድ ዓይነት አደረግንላት፣ ሁለት እንቁላልና ግማሽ እንጀራ፣ በየቀኑ። ሰለቻት፣ አለቀሰችም፣ ግን ለሐኪሟ ያንን ሁለት ገጽ ሳሳየው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የጠዋቱን መጠን አስተካከለው።

የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን፣ በጥንቃቄ እዩት። ሴሊያክ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አይረን ያንሰዋል፣ አይረን ሲያንስ ኤ ዋን ሲ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ አይረኑ መሞላት ሲጀምር አዲስ ደም ስለሚሠራ ደሞ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወርድም ሲወጣም ወዲያው አትደሰቱ አትደንግጡ፣ የጣት ወይም የሴንሰሩ አማካይ ምን ይላል ብላችሁ ጠይቁ። አይረንና ቫይታሚን ዲ አብረው ይለኩላት ብላችሁም ጠይቁ።

ዘመድ ላይ አልቆይም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች፣ አታስጨንቂያት" የምትለዋ አክስት ክፉ አይደለችም፣ ፍቅሯ በጉርሻ ነው። እኔ አሁን የምላት "እትዬ፣ ይሄ ለሷ እንደ ቁስል ላይ ጨው ነው፣ ፈንዲሻውን አጉርሻት" ነው። ስለ ቁርባን የምትጨነቁ ካላችሁ ለንስሐ አባታችሁ በሽታውን በግልጽ ንገሩ፣ ሐኪሙም የሚለውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ደብቃችሁ አትሰቃዩ፣ ጾምም እንደዛው።

አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከልጄ በኋላ ያው ሁለቱም ተገኘባት፣ እሷ ጋ ነገሩ ይለያል። ሴንሰር የላትም፣ ስትሪፕ ውድ ነው፣ የምትወጋው ጠዋትና ማታ ኤንፒኤችና ሬጉላር የሚባሉ የኢንሱሊን ዓይነቶች ነው። ሬጉላር ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወጋል፣ ኤንፒኤች ደሞ ከወጉት ከአራት ሰዓት ጀምሮ ነው ጉልበቱ የሚበረታው፣ ያን ሰዓት የበላሽው ካልገባ ስኳር ይወርዳል። ለዛ ነው አንጀቷ እስኪድን ምሳዋን ሰዓት እንዳታሳልፍ፣ መጠኑም በየቀኑ ተመሳሳይ እንዲሆን የተነገራት፣ ያላትን ጥቂት ስትሪፕ ደሞ ምሳ ከተበላ ሁለት ሰዓት በኋላና ከመኝታ በፊት ላይ ታውለዋለች። ጤፉን እህል ሆኖ ገዝታ ራሷ ትለቅመዋለች፣ ምክንያቱም መሀሉ ላይ የገብስ ፍሬ አግኝታ ታውቃለች። ወፍጮ ቤት መጀመሪያ ጠዋት መሄድ ይበቃል ብላ ነበር፣ ግን ወፍጮው ውስጥ የትናንት ስንዴ አለ፣ ስለዚህ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ እስክታገኝ ሁለት ሰፈር ዞራለች። ባለፈው ስትደውልልኝ የሬጉላር መጠኗ በ2 ዩኒት ተጨምሯል፣ በሽታው የባሰባት መስሏት ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፣ ስንት ኪሎ ጨመርሽ አልኳት፣ አራት አለችኝ።